ሆፒንግ ኢንተርፈረንስን ካልቀነሰ ካፓሲቲው ከየት መጣ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው በአንድ የጂኤስኤም (የ2ጂ ሞባይል) ኔትወርክ ላይ ይሠራል። ፍሪኩዌንሲ ሆፒንግ፣ ማለትም ጥሪው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከመቆየት ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ እንዲሄድ ማድረግ፣ ካበሩ በኋላ ድሮ ንጹህ የነበሩ ሴሎች (አንድ አንቴና የሚሸፍናቸው አካባቢዎች) አርኤክስኳላቸው (ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የስህተት መለኪያ፣ 0 ንጹህ፣ 7 መጥፎ) ተበላሸ። የደንበኛ ስሞታ ግን ቀነሰ። «የሚረጨው ኃይል ያው፣ ፍሪኩዌንሲዎቹም ያው ናቸው። ታዲያ ኢንተርፈረንሱ የት ሄደ? ካፓሲቲ (ኔትወርኩ የሚሸከመው የጥሪ ብዛት) ይጨምራል የሚባለውስ ከምን ተነስቶ ነው?» ይላል።

ኢንተርፈረንሱ፣ ማለትም ከሌሎች ሲግናሎች የሚመጣው ረብሻ፣ የትም አልሄደም። ገና ሲጀመር መያዝ ያለበት ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሆፒንግ አየር ላይ ካለው ረብሻ አንዲት ጠብታ አይቀንስም። የሚሠራው ማከፋፈል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባል የለ? ነገሩ ቃል በቃል እሱ ነው። አንድ ደዋይ ተሸክሞት ይሞትበት የነበረውን ረብሻ ስምንት ደዋዮች እየተካፈሉት ሁሉም በሕይወት ይተርፋሉ። የተረፈውን ቦታ ደግሞ ካፓሲቲ ብለህ ትሸጠዋለህ።

ይሄ እንዲሁ አባባል ብቻ እንዳይሆን በቁጥር እንየው።

ጂኤስኤም ውስጥ አንድ ካሪየር፣ ማለትም አንድ የፍሪኩዌንሲ መስመር፣ 200 ኪሎኸርዝ ነው፤ ጊዜው በ8 ተራ (ታይም ስሎት) ይከፈላል። የስምንቱ ተራ አንድ ዙር፣ ፍሬም የሚባለው፣ 4.615 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ስልክህም በየፍሬሙ አንዲት በርስት (አጭር የሲግናል ጭነት) ይልካል። ሆፒንግ ሲበራ በየፍሬሙ ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፣ ማለትም በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ። አሁን ድምፁን ተከተለው። ሙሉ ፍጥነት ያለው ኮዴክ (ድምፁን ወደ ቢት የሚቀይረው) በየ20 ሚሊሰከንዱ 260 ቢት ያወጣል። ስህተት ለመጠገን የሚረዳው ኮዲንግ ይጨመርበትና 456 ይሆናል። እነዚህ 456 ቢቶች በአንድ ጭነት አይሄዱም። 57፣ 57 ሆነው ለ8 ተከታታይ በርስቶች ይከፋፈላሉ። ኢንተርሊቪንግ የምንለው ይሄን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያለ እሱ ሆፒንግ ምንም አይረባም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው «ነገ ጠ_ት እመጣ_ሁ» ብሎ ቢጽፍልህ ያለ ችግር ታነበዋለህ። አንዱን ቃል ሙሉውን አጥፍቶ «ነገ ____ እመጣለሁ» ቢልህ ግን ጠዋት ይሁን ማታ በምን ታውቃለህ? የጠፋው ፊደል ብዛት ብዙም አይለያይም። የጠፋበት ሁኔታ ነው የሚለየው። ቢቶቹን መልሶ የሚፈታው ዲኮደርም እንደዚያው ነው፤ የተበታተነ ስህተት ይጠግናል፣ የተከማቸ ስህተት ላይ ግን እጁን ይሰጣል።

እንግዲህ 8 ፍሪኩዌንሲ አለህ እንበል፣ 8 ደዋዮችም አሉ። ከእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች በአንዱ ላይ ከሩቅ ሳይት (የአንቴና ጣቢያ) የሚመጣ ጠንካራ ረባሽ ተቀምጧል። ሆፒንግ ከሌለ 7ቱ ደዋዮች አርኤክስኳላቸው 0 ነው፣ አንደኛው ግን 7 ነው፣ ወይ ይቆረጥበታል ወይ «ሄሎ ሄሎ» ሲል ይውላል። ሆፒንግ ስታበራ እያንዳንዱ ደዋይ ከ8 በርስቶቹ አንዷ ትመታበታለች። የተመታችው በርስት ሙሉ በሙሉ ሄዳለች ብንል እንኳ ቢቶቿ እንደ ሳንቲም ውርወራ ስለሚሆኑ ግማሾቹ በዕድል ትክክል ይወጣሉ። ስለዚህ አማካይ የቢት ስህተቱ የ12.5 በመቶ ግማሽ፣ 6.25 በመቶ ነው። አሁን ሰንጠረዡን እይ። ከ3.2 እስከ 6.4 በመቶ ያለው ስህተት አርኤክስኳል 5 ነው። ሁሉም ደዋይ 5 ሪፖርት ያደርጋል!

ሪፖርቱን የሚያየው ሰው ይደነግጣል። ትናንት ሰባት ንጹህ ደዋዮች ነበሩት፣ ዛሬ ስምንት ቆሻሻ። ግን ዲኮደሩ በእያንዳንዱ ደዋይ እጅ 7 ንጹህ በርስት ስላገኘ የጠፉትን 57 ቢቶች አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያወጣቸዋል። ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ደህና ነው። ያንተም ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው፤ ስሞታው የቀነሰው ይሄ «ሄሎ ሄሎ» የሚለው አንድ ሰው ስለጠፋ ነው። አርኤክስኳል የሚለካው ከዲኮደሩ በፊት ያለውን ጥሬ ስህተት ነው። ሆፒንግ ባለበት ኔትወርክ ላይ 5 ማለት ድሮ የምታውቀው 5 አይደለም። የድምፁን ጥራት ማወቅ ከፈለግህ የሚጣሉትን የድምፅ ፍሬሞች መጠን ማለትም ኤፍኢአርን ተመልከት። በአርኤክስኳል ላይ የተሠሩ የሃንድኦቨር (ጥሪን ከሴል ወደ ሴል የማሻገር) እና የፓወር ኮንትሮል (የሚረጨውን ኃይል የመቀነስና የመጨመር) ገደቦችንም ከፍ ማድረግ አለብህ። ካላደረግህ ስልኩ ድምፁ ደህና ሆኖ ሳለ ያለ ምክንያት ከሴል ሴል ሲንከራተት ይውላል።

ሁለተኛ ጥቅም አለው፣ እሱ ከረባሽ ጋር አይገናኝም። ፌዲንግ፣ ማለትም ሲግናሉ በየቦታው እየደከመ መጥለቁ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በየ17 ሳንቲሜትሩ አካባቢ ሲግናሉ የሚጠልቅበት ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ እዚያው ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ሳያስበው ስልኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚለው። ጉድጓዱ ግን ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ አንድ ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ መቀየር ሳይንቀሳቀሱ እንደ መንቀሳቀስ ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር በሚነዳ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትንሽ ነው። 8 በርስት 37 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ መኪናው አንድ ሜትር ያህል ሄዷል፣ ብዙ ጉድጓድ ገብቶ ወጥቷል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የሄደው 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥቅሙ ለእሱ ነው። ፍሪኩዌንሲዎቹም ይራራቁ፣ ተጠጋግተው ከተመረጡ አብረው ይጠልቃሉ።

አሁን ወደ ካፓሲቲ።

ሆፒንግ የሌለው ኔትወርክ ሲነደፍ የሚታሰበው ለክፉ ቀን ነው። መስፈርቱ የተፈላጊው ሲግናል ከረባሹ በ9 ዲሲቤል እንዲበልጥ ይጠይቃል፣ አንተ ደግሞ መጠባበቂያ ትጨምርበታለህ። ምክንያቱም አንድ ደዋይ በአጋጣሚ መጥፎ ጎረቤት ከደረሰው ጥሪው እስኪያልቅ ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ ያው ፍሪኩዌንሲ የሚደገምባቸውን ሴሎች አራርቀህ ታስቀምጣለህ፣ ብዙ ጊዜ በ4 ሳይት 12 ሴክተር፣ እያንዳንዱ ሳይት 3 አቅጣጫ (ሴክተር) ስላለው። ሆፒንግ ሲኖር ግን ማንም ሰው ከአንድ መጥፎ ጎረቤት ጋር አይታሰርም። ለክፉው መንደፍ ይቀርና ለአማካዩ ትነድፋለህ። በክፉውና በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት ነው ካፓሲቲው። ሌላ ምንጭ የለውም።

ምሳሌ ልስጥህ። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 7.2 ሜጋኸርዝ አለህ፣ 36 ካሪየር ማለት ነው። ያለ ሆፒንግ በ12 ስታካፍለው ለአንድ ሴክተር 3 ካሪየር ይደርሰዋል። 24 ታይም ስሎት ነው፤ 2ቱን ለሲግናሊንግ (ለመቆጣጠሪያ መልእክት) አውጣ፣ 22 የድምፅ ቻናል ቀረ። በ2 በመቶ የመጨናነቅ ገደብ (ከመቶ ጥሪ 2ቱ ቻናል ቢያጡ) በኤርላንግ ቢ ሰንጠረዥ 14.9 ኤርላንግ ይሸከማል፤ በአማካይ 15 ገደማ ጥሪ በአንድ ጊዜ ማለት ነው።

በሆፒንግ ከ36ቱ 12ቱን ካሪየሮች ለቢሲሲኤች (ሴሉ ራሱን ለሚያሳውቅበት ቻናል) እንደ ድሮው አራርቀህ ትተዋለህ። ቢሲሲኤች አይዘልም፤ ስልኮች ሴሉን የሚያገኙትና የሚለኩት በእሱ ስለሆነ ሁልጊዜም በሙሉ ኃይል መብራት አለበት። የቀሩትን 24 ካሪየሮች በ3 ሴክተር ብቻ ታካፍላቸዋለህ፣ ለአንዱ 8 ይደርሰዋል። ማለትም እያንዳንዱ ሳይት ሁሉንም 24 ይጠቀማል። በ8ቱ ላይ የሚዘሉ 4 ትራንሲቨሮች (ማሰራጫና መቀበያ ሬዲዮዎች) ትተክላለህ፣ ከቢሲሲኤቹ ጋር 5 ሆኑ። 40 ስሎት፣ 3 ለሲግናሊንግ፣ 37 ቀረ። 28.3 ኤርላንግ። ከእጥፍ በጥቂቱ ብቻ ያንሳል፣ አንድም ሄርዝ ሳትገዛ።

«እንዴ፣ ጎረቤት ሳይቱ ሁሉ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ እየተጠቀመ?» ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አስላው። 4 ትራንሲቨር በ8 ፍሪኩዌንሲ ላይ፦ ግማሽ። በጥድፊያ ሰዓት ከ37ቱ ቻናል 28ቱ ገደማ ተይዘዋል፦ 0.76። ሰው ሲነጋገር ደግሞ በግምት ግማሹን ጊዜ ያዳምጣል፤ ዲቲኤክስ በርቶ ከሆነ በዝምታው ጊዜ ትራንስሚተሩ ይዘጋል፦ ሌላ ግማሽ። ስታባዛው 0.19 ይመጣል። ጎረቤቱ ሴክተር አንተ ባለህበት ፍሪኩዌንሲ ላይ በዚያች በርስት የመገኘት ዕድሉ ከአምስት አንድ አይሞላም ማለት ነው። ያንን ዲኮደሩ ይችለዋል።

ዲቲኤክስን ልብ በልልኝ። ፓወር ኮንትሮልንም። ሆፒንግ በሌለበት የአንድ ረባሽ ዝምታ የሚጠቅመው አንድ ዕድለኛን ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ፕላን መሥራት አትችልም። ሆፒንግ ሲኖር ዝምታውም ይከፋፈላል። ስለዚህ ሦስቱ ካልተጋቡ ብዙም ዋጋ የላቸውም። ሆፒንግ አብርቶ ዲቲኤክስ የዘጋ ኔትወርክ ሳይ ያናድደኛል፣ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ደሞዝ እንደ መተው ነው።

ዋጋውም አለ። እንዲህ ያለ ኔትወርክ ሲሞላ የሚያስቸግረው የቻናል እጥረት ሳይሆን ጥራት ነው። ስሎት ባዶ እያለ ድምፅ ይበላሻል። ከሰንጠረዥ ላይ ካፓሲቲ ማንበብ ለለመደ ሰው ይሄ ይከብዳል፣ ገደቡ ጠንካራ ግድግዳ መሆኑ ይቀርና ቀስ እያለ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ይሆናል።

አሁን አንተን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር ልምጣ። ዝላዩን የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ኤችኤስኤን የዝላዩን ዜማ ይወስናል፤ 0 ከሆነ በተራ በተራ፣ ከ1 እስከ 63 ከሆነ ዘፈቀደ በሚመስል ቅደም ተከተል። ኤምኤአይኦ፣ እኛ ማዮ የምንለው፣ በዚያ ዜማ ውስጥ ከየት እንደምትጀምር ይወስናል። አንድ ሳይት ላይ ያሉ ሴክተሮች ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አንድ ኤችኤስኤን ስጣቸውና በማዮ ለያቸው፤ መቼም አይጋጩም። ለጎረቤት ሳይት የተለየ ኤችኤስኤን ስጥ።

እኔ የምወደው አደራደር አለ። 24ቱን ፍሪኩዌንሲዎች ተከታታይ አድርገህ ለሦስቱም ሴክተሮች በሙሉ ስጣቸው፣ 8፣ 8 እያልክ አትክፈል። አንደኛው ሴክተር ማዮ 0፣ 2፣ 4፣ 6። ሁለተኛው 8፣ 10፣ 12፣ 14። ሦስተኛው 16፣ 18፣ 20፣ 22። ሁሉም በእኩል እርምጃ ስለሚዘሉ በየትኛዋም በርስት 12ቱ ትራንሲቨሮች ወይ ሁሉም ተጋማሽ ቁጥር ላይ ናቸው፣ ወይ ሁሉም ጎዶሎ ላይ። መጋጨት ይቅርና በአጠገብ ፍሪኩዌንሲ እንኳ አይነካኩም። ሳየው ሁሌም ደስ ይለኛል።

የዚህ ውበት ግን ልክ 12 ላይ ያልቃል። አንድ ጊዜ አንድ ሳይት ላይ ሁለተኛው ሴክተር ስለተጨናነቀ አምስተኛ ዘላይ ትራንሲቨር ተጨመረለት። ሠራተኛው ተከታዩን ቁጥር ሰጠው። 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ ቀጥሎስ? 16። የሦስተኛው ሴክተር የመጀመሪያ ማዮ! ኤችኤስኤናቸው አንድ፣ ማዮአቸው አንድ። ሁለቱ ትራንሲቨሮች በሰከንድ 217 ጊዜ አብረው እየዘለሉ በየበርስቷ ይጋጫሉ። ቀን ቀን ሰላም ነው፣ ማታ ማታ ጥሪ ይቆረጣል። ለምን ማታ? የተጨመረው ትራንሲቨር የሚሞላው በጥድፊያ ሰዓት ብቻ ነበርና። እኛ ግን አንቴና ስንፈትሽ፣ ኬብል ስንቀይር ሦስት ቀን አለፈ። በመጨረሻ ማዮውን ወደ ጎዶሎ ቁጥር ቀየርነው። ከአጠገብ ፍሪኩዌንሲ ጋር መነካካት መጣ፣ እሱ ግን ይቻላል፤ በአጠገብ ያለ ረባሽ በ9 ዲሲቤል ቢበልጥህ እንኳ መሥራት እንዳለበት መስፈርቱ ላይ አለ። ስለዚህ ሆፒንግ በርቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግትር ችግር ካየህ መጀመሪያ የማዮ ሰንጠረዡን አውጣ።

በተራ በተራ ዝላይ የምትጠቀም ከሆነም አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ፍሪኩዌንሲህ ጥቂት ሲሆን፣ 3 ወይም 4፣ በተራው መዝለል ከዘፈቀደው ይሻላል፤ ዘፈቀደው አንዳንዴ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ደጋግሞ ይመታል። ግን ሳክን፣ ማለትም የልኬት ሪፖርት የሚሄድበትን ቻናል አትርሳ። እሱ በየ26 ፍሬሙ አንዴ ነው የሚመጣው። ፍሪኩዌንሲህ 2 ከሆነ 26 ለ2 ስለሚካፈል ሳኩ ሁልጊዜ አንዱ ላይ ብቻ ነው። 13 ከሆነም እንደዚያው። 4 ከሆነ ሁለቱ ላይ ብቻ። ድምፁ ቆንጆ እየዘለለ ሳኩ መጥፎው ፍሪኩዌንሲ ላይ ተቸንክሮ ሊቀር ይችላል፣ ጥሪ የሚቆረጠው ደግሞ የሳክ ንባብ ሲጠፋ ነው። ድምፅ ጥሩ ሆኖ ጥሪ የሚቆረጥበት ቦታ ካጋጠመህ ይሄን ጠርጥር። 3 ወይም 5 ቢሆን ችግሩ የለም።

የሆፒንግ ዓይነቱ ቤዝባንድ ይሁን ሲንተሳይዘር ወደሚለው ጥያቄ ብዙ አልገባም። በቤዝባንድ ትራንሲቨሮቹ ቋሚ ናቸው፣ ጥሪው ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለው፣ ስለዚህ ከትራንሲቨር ብዛት በላይ ፍሪኩዌንሲ አታገኝም። በሲንተሳይዘር ትራንሲቨሩ ራሱ ይዘላል፣ ሊስቱም እስከ 64 ሊደርስ ይችላል፤ ግን ለአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቃኘ ኮምባይነር (የብዙ ትራንሲቨር ሲግናል ወደ አንድ አንቴና የሚያጣምር ዕቃ) መጠቀም ስለማትችል ሃይብሪድ የሚባለውን፣ የትኛውንም ፍሪኩዌንሲ የሚያሳልፈውን ታስገባለህ፣ በየደረጃው 3 ዲሲቤል ትከፍላለህ። ከላይ ያለው የካፓሲቲ ስሌት የሚሠራው በሲንተሳይዘር ነው። ትርፉ ግን ፍሪኩዌንሲ በበዛ ቁጥር አያድግም፤ ኢንተርሊቪንጉ 8 በርስት ስለሆነ ከ8 ገደማ በኋላ ጭማሪው ይደክማል። ግማሽ ፍጥነት ኮዴክ ላይ ደግሞ ድምፁ በ4 በርስት ብቻ ስለሚሰራጭ የመቻል አቅሙ ያነሰ ነው።

ዳታ ላይስ? እዚያ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ጂፒአርኤስ (የጂኤስኤም ዳታ) ውስጥ ሲኤስ 4 የሚባለው የአላላክ ዓይነት ስህተት የሚጠግን ኮዲንግ የለውም። አንድ ብሎክ በ4 በርስት ነው የሚሄደው፤ አንዷ ከተመታች ብሎኩ በሙሉ ይደገማል። ኮዲንግ በሌለበት ረብሻውን ማከፋፈል ማለት ለሁሉም ሰው በሽታ ማደል ነው። ሎሚው እዚህ ጋ ለሁሉም ሸክም ሆነ። ስለዚህ ከፍተኛ ፍጥነት የምትፈልግበትን ዳታ ቻናል በማይዘለው፣ ተራርቆ በተተከለው የቢሲሲኤች ካሪየር ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሐሳቡ ራሱ ከጂኤስኤም በጣም ይቀድማል። ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና ሙዚቀኛው ጆርጅ አንታይል በ1942 እኤአ ቶርፔዶ የሚመራበትን ሬዲዮ ጠላት እንዳያውክ በ88 ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚዘል ዘዴ ፓተንት አውጥተዋል፤ 88 የፒያኖ ቁልፎች ብዛት ነው። እነሱ ለማምለጥ ነበር የፈለጉት፣ እኛ ለመካፈል እንጠቀምበታለን። ክላሲኩ ብሉቱዝ በ79 ቻናል ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ ይዘላል፤ የተረበሹትን ቻናሎች ለይቶ መዝለያው ውስጥ እንዳይገቡም ማድረግ ይችላል። 3ጂ ሲግናሉን 5 ሜጋኸርዝ ላይ ዘርግቶ ስለሚልከው መዝለል አላስፈለገውም። 4ጂ እና 5ጂ ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው። ስልኩ ወደ ላይ በሚልክባቸው ቻናሎች፣ በተለይ በመቆጣጠሪያው ላይ፣ ከባንዱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል። ዳታው ላይ ግን ሼጁለሩ (ፍሪኩዌንሲ የሚያድለው ክፍል) የትኛው ፍሪኩዌንሲ ለማን ጥሩ እንደሆነ ስለሚያውቅ በጭፍን ከማከፋፈል መርጦ መስጠት ይሻለዋል።

ላንተ ኔትወርክ የምልህ ይሄ ነው። ሆፒንጉን አታጥፋ። ከማብራታችሁ በፊትና በኋላ ያለውን ኤፍኢአርና የተቆረጠ ጥሪ ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ አርኤክስኳሉን ለጊዜው ተወው። በዳውንሊንክ (ከሳይት ወደ ስልክ) ዲቲኤክስ መብራቱን በዓይንህ አረጋግጥ፣ በርቷል ስላሉህ ብቻ አትመን። ከዚያ በኋላም አንድ ሴክተር ብቻ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከታመመ ማዮዎቹን በወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ ጻፋቸው፤ የተደገመ ቁጥር ካለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዓይንህ ውስጥ ይገባል።